በዋሽንግተን ዙሪያ የጓሮ አትክልት፦ ቦታውን ከመንደፍ እስከ ጸደይ ትምህርቶች

አገር ቤት አትክልት ሲተክል የኖረ ሰው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የምታሳስተው ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ በሰኔ ከአናት ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል የቤቱ ጎን ሁሉ በዓመት ውስጥ ተራው ይደርሰዋል። ዋሽንግተን ዙሪያ ግን ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ቤቱም አጥሩም ዛፉም የቀትር ጥላቸውን የሚጥሉት ወደ ሰሜን ብቻ ነው፤ ርዝመቱ ደግሞ ከወር ወር በጣም ይለያያል። 25 ጫማ ከፍታ ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በማርች 20 ገደማ ወደ ሰሜን 20 ጫማ ያህል ጥላ ይጥላል፤ በጁን መጨረሻ ግን 7 ጫማ ብቻ። ባለ 6 ጫማ የእንጨት አጥር በማርች ወደ 5 ጫማ፣ በዲሴምበር ከ11 ጫማ በላይ ያጠላል። ጓሯችሁ ከቤቱ በስተሰሜን ከሆነ፣ በጁን ፀሐይ የሚሞቀው ቦታ በማርች መጨረሻ ጎመን ስትዘሩ ገና ጥላ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀትና ሜትር ያዙ። አንድ ካሬ አንድ ጫማ የሚሆንበት ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ቤቱን፣ አጥሩን፣ ዛፎቹን፣ የውሃ ቧንቧውንና የኩሽናውን በር በልካቸው ሳሉ፤ ሰሜን የት እንደሆነ በስልካችሁ ኮምፓስ አረጋግጡ። ከዚያ ደመና በሌለበት ቀን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 9፣ ቀን 1 እና ከሰዓት 5 ላይ ከፎቅ መስኮት ፎቶ አንሱና የጥላውን ጠርዝ ወረቀቱ ላይ አስምሩ። ቀን 1 ሰዓት ያልነው ማርች ላይ ሰዓቱ ወደፊት ከተቀየረ በኋላ እውነተኛው ቀትር ከ1 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ስለሆነ ነው።

ይህን አንድ ጊዜ ብቻ መለካት አይበቃም። በማርች የጎረቤት ኦክና ቱሊፕ ፖፕላር ቅጠል የላቸውም፤ ጓሮው ብርሃን በብርሃን ሆኖ ይታያል። በሜይ አጋማሽ ቅጠሉ ሲሞላ ያው ቦታ በቀን ሦስት ሰዓት ፀሐይ እንኳ ላያገኝ ይችላል። ቤቱን የገባችሁት በብርዱ ወራት ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት መደብ ከትልልቅ ዛፎች አርቃችሁ ሥሩና በሜይ አጋማሽ ደግማችሁ ለኩ። ቃሪያ፣ ቲማቲምና በሶብላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ በ4 እና በ5 ሰዓት ይረካሉ፤ እንዲያውም በጁን ሙቀት የከሰዓት ጥላ ይጠቅማቸዋል።

ከዛፎቹ መካከል ብላክ ዋልነት መኖሩን ለይታችሁ እወቁ። ሥሩ የሚለቀው ጀግሎን የተባለ ንጥረ ነገር ቲማቲምን ያጠወልጋል፤ ውሃ ቢጠጣም አይነሳም። ትልቅ ብላክ ዋልነት ካለ ከግንዱ ቢያንስ 50 ጫማ ራቁ። እንዲሁም ለእንጨት ማቆሚያም ሆነ ለአጥር ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ የጋዝና የመብራት መስመር ያለበትን ቦታ መጥተው በቀለም ያመለክቱላችኋል። ጥቂት የሥራ ቀናት ስለሚወስድ ቅዳሜ ለመቆፈር ዓርብ መደወል አይሆንም።

ሐሳብ የሚገኝባቸው ጓሮዎች

ጥሩ ንድፍ ከፎቶ ይልቅ ሄዶ በማየት ይገኛል። ዊተን የሚገኘው ብሩክሳይድ ጋርደንስ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ቅርብ ነው። አሌክሳንድሪያ አካባቢ ግሪን ስፕሪንግ ጋርደንስ አለ፤ ከሁሉም ይልቅ ለተራ ቤት ጓሮ የሚሆን ሐሳብ የሚገኘው እዚያ ነው፣ ማሳያዎቹ በቤት ልክ የተሠሩ ናቸውና። አርሊንግተን በፖቶማክ ኦቨርሉክ ፓርክ፣ ደርውድ ደግሞ በአግሪካልቸራል ሂስትሪ ፋርም ፓርክ፣ ማስተር ጋርደነር የሚባሉ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች የሚንከባከቧቸው የማሳያ አትክልቶች አሉ። ስትሄዱ ሜትር ያዙ። የመደቡን ስፋት፣ በመደቦች መካከል ያለውን መተላለፊያ፣ ለአጋዘን የተሠራውን አጥር ከፍታ ለኩ፤ ማሰሪያው እንዴት እንደተሠራ በቅርብ ፎቶ አንሱ። አበባው በየወሩ ይለዋወጣል፣ ልኩ ግን ቤት ወስዳችሁ የምትሠሩበት ነው።

አንድ የተለመደ ልክ እንውሰድ፦ የታውንሃውስ ጓሮ፣ ወርዱ 20 ጫማ፣ ርዝመቱ 30 ጫማ፣ ከቤቱ በስተደቡብ የሚገኝ፣ በ6 ጫማ አጥር የተከበበ። ከቤቱ ግድግዳ የመጀመሪያውን 10 ጫማ ለሰው ተዉት። እዚህ 8 በ8 ጫማ የሆነ ንጣፍ ድንጋይ ብታነጥፉ ረከቦት፣ ምድጃና አምስት ስድስት መቀመጫ ይይዛል። ቡና በቤት ውስጥ ብቻ የሚፈላ ከሆነ ጓሮው በጋውን ሙሉ ሰው የማይወጣበት ሆኖ ይቀራል፤ ሰው የማይወጣበት ጓሮ ደግሞ አረም ይበላዋል። ከሰሉን ከእንጨት አጥርና ከደረቅ ቅጠል አርቁ። ከንጣፉ ጎን፣ ከኩሽናው በር አጠገብ 2 በ8 ጫማ የቅመም መደብ ይሁን፤ ወጥ ተጥዶ ጫማ ሳይቀየር የሚደረስበት።

ከዚያ 3 ጫማ መተላለፊያ፣ 4 ጫማ መደብ፣ እንደገና 3 ጫማ መተላለፊያ፣ 4 ጫማ መደብ። እስካሁን 24 ጫማ ሆነ። የቀረው 6 ጫማ ከደቡቡ አጥር ጥላ መራቂያ ነው፤ ለብስባሽ መከመሪያና ለዕቃ ይሁን። በወርዱ 8 ጫማ መደብ፣ 3 ጫማ መተላለፊያ፣ 8 ጫማ መደብ ሲደመር 19 ጫማ ስለሆነ በጠቅላላ አራት መደብ ይገባል። የመጀመሪያውን ዓመት ሁለቱን ብቻ ሥሩ። አራቱን ባንድ ጊዜ የሚጀምር ሰው በጁላይ ሁለቱን ለአረም ይለቃል።

መደብ ከ4 ጫማ እንዳይሰፋ፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መሃሉ ድረስ መድረስ አለበት፣ ካልደረሰ ሰው ይረግጠዋል፣ የተረገጠ የሸክላ አፈር ደግሞ ይጠጥራል። መተላለፊያው ከ3 ጫማ ቢጠብ የእጅ ጋሪ አያዞርም። ረዣዥሞቹን፣ ማለትም ቲማቲምንና በገመድ የሚወጣ ባቄላን፣ በሰሜኑ መደብ ትከሉ። በደቡብ ብትተክሏቸው ከኋላቸው ያለውን ሁሉ ያጠሉታል። ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ባለበት ሰፈር የአጥርና የመደብ ደንቡን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

መደቡን መሥራት

ለአንድ 4 በ8 ጫማ መደብ የሚያስፈልገው፦ 2 በ10 የሚባል ባለ 8 ጫማ ጣውላ ሦስት፣ 4 በ4 የሆነ ቋሚ እንጨት አንድ አጭር ቁራጭ (ወደ 4 ጫማ)፣ ባለ 3 ኢንች ለውጭ የሚሆን ብሎን 24፣ የካርቶን ሳጥን በብዛት። 2 በ10 ተብሎ የሚሸጠው ጣውላ እውነተኛ ልኩ አንድ ኢንች ተኩል በ9 ከሩብ ስለሆነ ስሌታችሁን በእሱ ሥሩ። ሴዳር ረጅም ዕድሜ አለው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። በመደብር የሚሸጠው መድኃኒት የተነከረ እንጨትም ይሆናል፤ አርሴኒክ ያለበት ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት መሸጥ ቆሟል። ከፈረሰ አሮጌ በረንዳ የተነሣ እንጨትና የባቡር ሐዲድ ግንድ ግን ለምግብ መደብ አትጠቀሙ።

አንዱን ጣውላ ለሁለት እኩል ቁረጡ። ቋሚውን በየ9 ኢንቹ አራት ቦታ ቁረጡ፤ ቁራጮቹ በአራቱ ማዕዘን ውስጥ ቆመው ጣውላዎቹ በእነሱ ላይ ይታሰራሉ። እያንዳንዱ ጣውላ ጫፍ ላይ ሦስት ብሎን ይገባል፤ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ አስቀድማችሁ በቀጭን መብሻ ብሱት። የሁለቱ ጣውላዎች ብሎኖች ቋሚው ውስጥ እንዳይጋጩ የአንዱን በግማሽ ኢንች ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ አድርጉ። የተሠራውን የጣውላ ሳጥን ቦታው ላይ አስቀምጡና ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ትክክል ነው። በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ መደቡ ካዘመመ ውሃው ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይሄዳል።

ሣሩን መንቀል አያስፈልግም። አጭር አድርጋችሁ እጨዱት፣ ፕላስቲክ ማሸጊያው የተላጠለት ካርቶን በላዩ ደራርቡ፣ ጠርዙ 6 ኢንች ያህል ይደራረብ፣ በውሃ አርሱት። ከሥሩ ላስቲክ አታንጥፉ፤ ውሃ ይቋጥራል።

መደቡን ለመሙላት ወደ 25 ኪዩቢክ ጫማ ያስፈልጋል። አንድ ኪዩቢክ ያርድ 27 ስለሆነ አንድ ያርድ ለአንድ መደብ በልኩ ነው፤ ትርፉ አፈሩ ሲረግብ ይሄዳል። ሁለት እጅ የተነፋ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ ቀላቅሉ። ብዙ ሰው በጎ ነው ብሎ ብስባሽ ብቻ ይሞላል፤ ያኔ በአንድ ዓመት ሲሶው ይሰምጣል፣ ፎስፈረስና ጨውም ከመጠን ያልፋል። በጆንያ መግዛት ለአንድ መደብ እንኳ ውድ ነው፤ ባለ 2 ኪዩቢክ ጫማ ጆንያ ከ12 በላይ ይፈልጋል። በያርድ ማስጫን ይረክሳል፣ ነገር ግን አንድ ያርድ እርጥብ አፈር ወደ 2,000 ፓውንድ ስለሚመዝን በትንሽ ፒክአፕ ለማምጣት አትሞክሩ። ማድረሻ ክፍያው የሚከብድ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተጋሩት።

ፍግ የምታገኙ ከሆነ ትኩሱን በጸደይ አትጨምሩ። አፈር የሚነካ አትክልት እስኪሰበሰብ ቢያንስ 120 ቀን ማለፍ ስላለበት ትኩስ ፍግ በመከር ወራት ይገባል። የፈረስ ፍግ ሌላም ጣጣ አለው፦ ፈረሱ የበላው ድርቆሽ በአረም መድኃኒት የተረጨ ከነበረ መድኃኒቱ በፍጉ አልፎ ይመጣል። ጥቂቱን ከአፈር ቀላቅላችሁ በኩባያ ባቄላ ዝሩበት፤ ቅጠሉ ተጠምዝዞ ከወጣ ፍጉን ተዉት።

መሬቱ ላይ ቀጥታ መትከል ለሚፈልግ ደግሞ፦ የአካባቢው ቀይ ሸክላ አሲዳማ ነው፣ እርጥብ ሳለ ከተቆፈረም እንደ ጡብ ይደርቃል። አንድ እፍኝ አንስታችሁ ጨብጡ፤ በአውራ ጣት ስትነኩት ከፈረሰ ቁፈሩ፣ እንደ ሊጥ ከያዘ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። ኖራ በግምት አይበተንም። አፈሩን አስመርምሩ፦ ከአሥር ቦታ እስከ 6 ኢንች ጥልቀት ቁንጥር አፈር ወስዳችሁ በፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅሉ። ባልዲው የቆርቆሮ እንዳይሆን፤ የዚንክ ውጤቱን ያበላሻል። ቨርጂኒያ ላይ የቨርጂኒያ ቴክ ላብራቶሪ ይመረምራል፤ ሳጥኑና ቅጹ በካውንቲው ኤክስቴንሽን ቢሮ ይገኛል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የአፈር ላብራቶሪ ስለሌለው የሌሎችን ዝርዝር ይሰጣል። አትክልት የሚፈልገው ፒኤች (የአፈር አሲድነት መለኪያ) ከ6.0 እስከ 6.8 ነው።

ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የእርሳስ ምርመራ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ከተለመደው ምርመራ ጋር ሁልጊዜ አይመጣም። አሮጌው ቀለም ተልጦ የሚከማቸው ከግድግዳው ሥር ባለው አፈር ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ ይህን ከሁሉም አስቀድሙት። ውጤቱ ከ200 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 200 እጅ) በላይ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር አትትከሉ፤ ንጹሕ አፈር ገዝታችሁ ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ ባዶውንም መሬት በእንጨት ፍቅፋቂ ሸፍኑት።

ምን፣ መቼ

በዋሽንግተን ዙሪያ የመጨረሻው ውርጭ በአማካይ በኤፕሪል አጋማሽ ነው፤ ወደ ገጠሩ ስትወጡ እስከ ሜይ መጀመሪያ ይዘልቃል። የዘር ፓኬት ላይ የሚጻፈው የዞን ቁጥር የክረምቱን ዝቅተኛ ብርድ እንጂ የውርጩን ቀን አይናገርም። ፋሲካ ከዓመት ዓመት ስለሚዘዋወር በእሱ አትቁጠሩ። የአካባቢው አትክልተኛ የሚይዘው ምልክት በሜይ ሁለተኛ እሑድ የሚውለው የእናቶች ቀን ነው፤ ብርድ የማይችል ነገር ከዚያ በፊት ውጭ አይተከልም። ኤፕሪል ላይ መደብሩ በቲማቲም ችግኝ ቢሞላም አትቸኩሉ። ውርጭ ባይገድለውም በቀዝቃዛ አፈር የተቀመጠ ቃሪያ ለሳምንታት ደንዝዞ ይቆማል፤ በሜይ አጋማሽ የተተከለው ይቀድመዋል።

የሐበሻ ጎመን በማርች መጨረሻ ቀጥታ ይዘራል። በእንግሊዝኛ ኢትዮፒያን ኬል ወይም አቢሲኒያን መስታርድ በሚል ስም ይሸጣል። ግማሽ ኢንች ጥልቀት፣ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዝሩና ሲበቅል በ15 ኢንች ርቀት አሳሱት፤ በ4 በ8 መደብ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት፣ በጠቅላላ 18 ተክል ይይዛል። የተነቀለው ቡቃያ ራሱ ይበላል። ከታች ያሉትን ቅጠሎች እየቀነጠሳችሁ ልቡን ተዉት። በጁን ሙቀቱ ሲበረታ ያብባል፤ ያኔ ለዘር ሁለት ግንድ ተዉና ሌላውን ንቀሉ።

ቀይ ሽንኩርት ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል፤ ምክንያቱ የቀን ርዝመት ነው። አገር ቤት ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሆነ እንደ ቦምቤይ ሬድ ያሉት ዝርያዎች በአጭር ቀን ራስ የሚቋጥሩ ናቸው። እዚህ በጁን ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይደርሳል። የአጭር ቀን ዝርያ በማርች ሲተከል ቅጠሉ ሳይደረጅ ራስ መቋጠር ስለሚጀምር የእብነበረድ ኳስ ያህል ሆኖ ይቀራል። ኢንተርሚዲየት ደይ (መካከለኛ ቀን) የሚል የተጻፈበትን ችግኝ ግዙና ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ በ4 ኢንች ርቀት ትከሉ። ድንችም በዚያው ጊዜ ይተከላል። ነጭ ሽንኩርት ግን የሚተከለው በኦክቶበር ነው፤ በጁን መጨረሻ ይነቀላል።

ቃሪያን ቤት ውስጥ በማርች አጋማሽ አፍሉት። የመስኮት ብርሃን አይበቃም፤ ችግኙ ቀጥኖ ወደ መስታወቱ ይዘማል። ተራ ኤልኢዲ መብራት ከችግኙ ጫፍ 3 ኢንች ከፍ አድርጋችሁ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት አብሩለት። ከመተከሉ በፊት ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ድረስ በየቀኑ ወደ ውጭ እያወጣችሁ፣ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ለአንድ ሰዓት፣ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ አለማምዱት። ያልተለማመደ ችግኝ ቅጠሉ በአንድ ቀን ይነጣል። ሌሊቱ ከ55 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሲሆን በ18 ኢንች ርቀት ትከሉ። በጁላይ አበባው ቢረግፍ ማዳበሪያ አትጨምሩ፤ ቀኑ ከ90፣ ሌሊቱ ከ75 ዲግሪ ሲያልፍ ይረግፋል፣ ሙቀቱ ሲበርድ ራሱ ይመለሳል።

በሶብላ ከሁሉም ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከሜይ አጋማሽ በፊት አታውጡት። የፈረንጁን ባዚል አበባ መቅጠፍ ልማድ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን አበባውንና ዘሩን ስለሆነ እንዲያብብ ተዉት፣ ዛላው መቡነን ሲጀምር ቆርጣችሁ ጥላ ቦታ አድርቁ። ለዘር የምትይዙ ከሆነ የጣልያኑ ባዚል በአጠገቡ እንዳያብብ፤ ንቦች ያዳቅሏቸዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም መዓዛው ይለወጣል። ቅጠሉ በላይ በኩል ቢጫ ሆኖ በታች በኩል ግራጫ ዱቄት ከያዘ ዳውኒ ሚልዲው የሚባል በሽታ ነው፤ ሳትዘገዩ ያለውን ቆርጣችሁ ሰብስቡ። ለመከላከል በ12 ኢንች አራርቃችሁ ትከሉ፣ ጠዋት ከግንዱ ሥር ብቻ አጠጡ።

ጤና አዳም ደረቅና ፀሐይ ያለበት ጥግ ይስማማዋል። በመደብር የሚሸጠው ዓይነት ብርዱን ችሎ ያድራል፤ የአገር ቤቱ ዝርያ ግን ስስ ነው፣ በማሰሮ ይሻለዋል። ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ይቋጥራል። ጌሾ፣ ኮሰረትና ጠጅ ሳርም ውርጭ አይችሉም፤ በትልቅ ማሰሮ ተክላችሁ በኦክቶበር አጋማሽ ወደ ቤት አስገቧቸው። ጓሮ የሌለው ሰው እነዚህን ሁሉ ሥሩ በተበሳ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ በረንዳ ላይ ማሳደግ ይችላል።

ዘር ከኢትዮጵያ ማምጣት ሕግ አለው። በሻንጣ የመጣ ዘር ሁሉ ለጉምሩክ ይነገራል። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከሌለ ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በቅድሚያ የሚወጣ የአነስተኛ ዘር ፈቃድ አለ፤ በአንድ ፓኬት እስከ 50 ፍሬ ወይም 10 ግራም ይፈቅዳል። የቃሪያና የቲማቲም ዘር ተጨማሪ ገደብ ስላለበት እዚሁ ግዙት።

የጸደይ ትምህርቶቹ

አገር ቤት የግብርና ኤክስቴንሽን የምንለው ሥራ እዚህ የሚካሄደው በዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነው። የሐረማያ የግብርና ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም እገዛ የተቋቋመው በዚሁ መልክ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ቨርጂኒያ ኮኦፐሬቲቭ ኤክስቴንሽን፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን፣ በዲሲ ዩዲሲ (የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ) ይህን ሥራ ይዘዋል። ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ በየቤተ መጻሕፍቱ፣ በየማሳያ አትክልቱና በዙም ትምህርት ይሰጣሉ፤ አብዛኛው በነፃ ነው፣ ግን መመዝገብ ይጠይቃል። የካውንቲያችሁን ስም ከማስተር ጋርደነር ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ፣ የቤተ መጻሕፍቱንም የዝግጅት ሰሌዳ ተመልከቱ።

በፌብሩዋሪ ስለ ዘር ማፍላት፣ በማርች ስለ አፈርና ስለ መደብ፣ በኤፕሪል ስለ ቲማቲምና ስለ ተባይ የሚሰጠውን ምረጡ። ባዶ እጅ አትሂዱ። የጓሮውን ንድፍ፣ የአፈር ምርመራውን ውጤትና የጥላውን ፎቶዎች ያዙ። "ምን ልትከል?" ከሚለው ይልቅ "ይህ ቦታ በሜይ አምስት ሰዓት ፀሐይ አለው፣ ፒኤቹ 5.4 ነው፤ ለጎመን ምን ያህል ኖራ ይበቃል?" የሚለው ጥያቄ የሚሠራበት መልስ ያመጣል። አስተማሪዎቹ በሶብላንና ጌሾን በስማቸው ላያውቋቸው ስለሚችሉ ፎቶ አሳዩአቸው፤ የሐበሻ ጎመንን ብራሲካ ካሪናታ ብትሉት ወዲያው ኮላርድ ከሚባለው የአሜሪካ ጎመን ጋር ያዛምዱታል። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ስትመዘገቡ ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ጨምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ትርጉም እንዲያቀርቡ ያዛል።

ሙቀቱ ሲገባ በገበሬዎች ገበያ የተክል ክሊኒክ የሚባል ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። የታመመውን ቅጠል ከነ ግንዱ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጤነኛውም አንድ ጨምሩ። የደረቀ ብቻ ከሆነ መለየት አይችሉም። አፓርታማ ለሚኖር ሰው ካውንቲዎቹ የሚያከራዩት የጋራ አትክልት ቦታ አለ፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ የምዝገባውን ጊዜ በመከር ጠይቁ።

ውሃና ተባይ

መደቡ በሳምንት አንድ ኢንች ውሃ ይፈልጋል፤ ለ4 በ8 ይህ 20 ጋሎን ነው። በሁለት ጊዜ በጥልቀት ማጠጣት በየቀኑ ከመርጨት ይበልጣል። ባዶ የቱና ቆርቆሮ መደቡ ላይ አስቀምጡና ዝናቡን ለኩ። ችግኙ ሲጸና በ2 ኢንች ገለባ ጎዝጉዙት፤ ድርቆሽ የአረም ዘር ስላለበት አይሆንም።

ጎመን ላይ ዋናው ጠላት ጥቁርና ብርቱካናማ የሆነው ሃርለኪን ትኋን ነው። በጠዋት ቅጠሉን ገልብጡ፤ ነጭ ሆነው ጥቁር ቀለበት የዞራቸው፣ በርሜል የሚመስሉ ጥቃቅን እንቁላሎች በሁለት ረድፍ ተደርድረው፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በጣታችሁ ጨፍልቋቸው፤ ትልልቆቹን የሳሙና ውሃ ባለበት ጣሳ አራግፏቸው። ከሁሉ የሚሻለው ከዘራችሁበት ቀን ጀምሮ ስስ የተክል መሸፈኛ ጨርቅ ማልበስ ነው። ጎመን ለቅጠሉ ስለሚበቅል ንብ አያስፈልገውም፣ ተሸፍኖ ይክረም። ነጯን ቢራቢሮና አረንጓዴውን ትል ጨርቁ አብሮ ይከለክላል። አጋዘን ለመከልከል 8 ጫማ አጥር ያስፈልጋል፣ የካውንቲው ደንብ ግን ይህን ያህል ላይፈቅድ ይችላል፤ አጋዘን ጠባብ ቦታ ውስጥ መዝለል ስለሚፈራ መደቡን ብቻ በመረብ መክበብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ግራውንድሆግ ለሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ 3 ጫማ ሽቦ ሥሩ አንድ ጫማ ወደ ውጭ ታጥፎ መሬት ላይ ይነጠፍ፤ ከአጥሩ ሥር መቆፈር ሲጀምር ሽቦው ላይ ይቆማል።

የጸደዩ ጎመን በጁላይ ሲያልቅ መደቡን ባዶ አትተዉት። ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ ደግማችሁ ዝሩ፤ አፈሩ ስለሚሞቅ እስኪበቅል በየቀኑ አርጥቡት፣ ቀትር ላይም በጨርቅ አጥሉለት። በጊዜ የተዘራው ለመስቀል ቅጠሉ ይደርሳል። ዐቢይ ጾም የሚገባው ጓሮው ባዶ በሚሆንበት ወቅት ስለሆነ ለጾሙ ቅጠል የሚፈልግ ሰው ከሐበሻው ጎን ኮላርድ ጨምሮ ይዝራ፤ ኮላርድ ብርድ የበለጠ ይችላል። በኖቬምበር መጨረሻ የሽቦ ቀስት በየ3 ጫማው አቁማችሁ ወፍራሙን የውርጭ ጨርቅ አልብሱ፣ ጠርዙን በድንጋይ ያዙት፣ ፀሐይ ወጥቶ ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ አንዱን ጫፍ ክፈቱለት።